ጀልባና ገደል፤ በኮሎራዶና በዓባይ ወንዞች የቀዘፋ ጀልባ ምርጫ ታሪክ

ጀልባ ከመሠራቱ በፊት ሠሪው ስለ ውኃው አንድ ፍርድ ይሰጣል። ውኃው ጥልቅ ነው ወይስ ሳሳ ያለ፣ የረጋ ነው ወይስ የሚቸኩል፣ መንገዱ ግልጥ ነው ወይስ በአለት የታጠረ ብሎ ከወሰነ በኋላ ነው እንጨቱን የሚጠርበው። ፍርዱ ትክክል ከሆነ ጀልባው ሰውንና ጭነቱን አድርሶ ይመልሳል። ፍርዱ ከተሳሳተ ግን የቀዛፊው ብርታትም ሆነ የመሪው ቆራጥነት ስሕተቱን ሙሉ በሙሉ ሊያርመው አይችልም። በሞተር የሚሄድ ጀልባ የቅርጹን ጉድለት አንዳንድ ጊዜ በጉልበት ይሸፍናል፤ በሰው ክንድ የሚቀዘፍ ጀልባ ግን እንዲህ ያለ መሸፈኛ የለውም።

ይህን እውነት ሁለት ወንዞች አጉልተው ያሳያሉ። አንደኛው በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል የሚወርደው ኮሎራዶ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ጎጃምን እየከበበ ወደ ሱዳን የሚፈሰው ዓባይ ነው። ሁለቱም ደጋውን ሰንጥቀው ጥልቀቱ በብዙ ቦታ ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ ገደል ውስጥ ያልፋሉ። ሁለቱም በተፈጥሯቸው ደለል የሚሸከሙ፣ መጠናቸውም ከወቅት ወቅት እጅግ የሚለዋወጥ ነው። በሁለቱም ገደል ውስጥ አንድ ጊዜ የገባ መንገደኛ በፈቀደው ስፍራ ወጥቶ ወደ መጣበት ሊመለስ አይችልም። ኮሎራዶ ግራንድ ካንየን በተባለው ታላቅ ገደል ውስጥ በ446 ኪሎ ሜትር ጉዞ ወደ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ዓባይ ደግሞ ከጣና እስከ ሱዳን ወሰን ድረስ ከ1,200 ሜትር በላይ ይወርዳል። ውኃው በአለቶች መካከል እየተሰበረና አረፋ እየደፈቀ የሚወርድባቸው ስፍራዎች በዚህ ጽሑፍ «ፈረሰኛ ውኃ» ተብለዋል፤ የተጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወደብ ጀልባ በገደል ውስጥ

በ1869 ሜይ 24 ቀን ጆን ዌስሊ ፓወል የተባለ የሥነ ምድር መምህር፣ ዘጠኝ ሰዎችና አራት ጀልባዎች ይዞ ግሪን ሪቨር ከተባለው የባቡር ጣቢያ ወንዙን ተከትሎ ተነሣ። ፓወል በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ቀኝ ክንዱን ያጣ ሰው ነበር። ጀልባዎቹ በቺካጎ ከተማ ተሠርተው፣ በዚያው ወር የሁለቱን ውቅያኖሶች ዳርቻ ባገናኘው ዐዲስ የባቡር ሐዲድ ተጭነው መጡ። ሦስቱ ከጠንካራ የኦክ እንጨት የተሠሩና እያንዳንዳቸው 6.4 ሜትር ርዝመት ያላቸው ነበሩ። አራተኛው ከቀላል እንጨት የተሠራ፣ ርዝመቱም 4.9 ሜትር ያህል ሆኖ፣ ከፊት እየቀደመ መንገድ እንዲመረምር ለመሪው የታሰበ ነበር።

ቅርጻቸው ዋይትሆል ከሚባሉት የኒው ዮርክ ወደብ ጀልባዎች የተወሰደ ነው። የዋይትሆል ጀልባ ጠባብና ረጅም፣ ሆዱ ክብ፣ ከሥሩም ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቅ ወጣ ያለ አከርካሪ ያለው ነው። በወደብ ውስጥ ከዳር ተነሥቶ መልሕቅ ወደ ጣለ መርከብ ሰው ለማድረስ የሚተካከለው አልነበረም፤ ጥቂት ቀዘፋ ረጅም መንገድ ይወስደዋል፣ ከያዘውም አቅጣጫ በቀላሉ አይናወጥም። ቀዛፊው ጀርባውን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ እንዲህ ሲሆን የእግሩና የወገቡ ኃይል ሁሉ በመቅዘፊያው ላይ ያርፋልና።

በገደሉ ውስጥ ግን ይኸው መልካም ጠባይ ሁሉ ወደ ጉድለት ተለወጠ። በቀጥታ ለመሄድ የተሠራው ጀልባ ከአለት ለመሸሽ በፍጥነት መዞር አልቻለም። አከርካሪው ጎርባጣ በሆነው የወንዝ ወለል ላይ ይጋጭ ነበር። ቀዛፊዎቹ የሚመጣውን አደጋ ስለማያዩ በሌላ ሰው ድምፅ ይመሩ ጀመር፤ የውኃው ጩኸት በበረታበት ስፍራ ደግሞ ያ ድምፅ አይሰማም። ጀልባውን ለመምራት ከውኃው ይበልጥ መፍጠን ያስፈልግ ነበርና፣ አደጋው በቀረበ መጠን ወደ አደጋው የሚሄዱበትም ፍጥነት ይጨምር ነበር።

ውጤቱ በቶሎ ታየ። ጉዞው ከተጀመረ ሦስተኛ ሳምንት ሳይሞላ ከትላልቆቹ ጀልባዎች አንዱ ከአለት ጋር ተጋጭቶ ተሰበረ፤ ከተጫነው ስንቅና ዕቃም ብዙው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ፈረሰኛ ውኃ ባጋጠማቸው ቁጥር ጀልባዎቹን ከዳር ሆነው በገመድ እየያዙ ማውረድን፣ ያም ሳይቻል ሲቀር በትከሻቸው ተሸክመው በአለት ላይ ማሳለፍን መረጡ። ከኦክ የተሠራ ከባድ ጀልባ ለመሸከም ምን ያህል እንደሚያደክም መገመት አያዳግትም። ስንቁ እየተመናመነ ሄደ። በኦገስት 28 ቀን ሦስት ሰዎች በወንዙ መሄድ ሞት ነው ብለው ከገደሉ ወጡ፤ ከወጡም በኋላ ተገደሉ። የቀሩት ስድስት ሰዎች ግን በሁለት ቀን ውስጥ ከገደሉ በሰላም ወጥተው፣ በሁለት ጀልባዎች ወደ ሰው መኖሪያ ደረሱ።

ይሁንና የፓወል ጀልባዎች አንድ ታላቅ ትምህርት ትተው አልፈዋል። በፊትና በኋላ ጫፋቸው ውኃ የማያስገቡ የታሸጉ ክፍሎች ስለ ነበሯቸው፣ ውኃ ሞልቷቸው እንኳ አይሰጥሙም ነበር። ከእርሱ በኋላ በዚያ ወንዝ የወረዱ ዘላቂ የእንጨት ጀልባዎች ይህን የታሸገ ክፍል ወርሰዋል።

የባቡር ሐዲዱ ቅየሳ

ከፓወል ጉዞ ሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1889፣ ፍራንክ ብራውን የተባለ ባለ ሀብት በኮሎራዶ ገደል ውስጥ ለውስጥ እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ የሚደርስ የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት አሰበ። የቅየሳው ዋና መሐንዲስ ሮበርት ብሩስተር ስታንተን ነበር። ለዚህ ሥራ የታዘዙት ጀልባዎች ከሴዳር እንጨት የተሠሩ፣ ቀላልና ጠባብ፣ ሆዳቸውም ክብ ነበር። ጀልባዎቹ የተመረጡት ቀላል ስለሆኑ በየብስ ተሸክሞ ለማሳለፍ ያመቻሉ ተብሎ እንደ ነበር መረዳት አያስቸግርም፤ ነገር ግን የሚሸከሙት የቅየሳ መሣሪያና ስንቅ ብዙ ስለ ነበር፣ ቀላልነታቸው ገና በጉዞው መጀመሪያ ከንቱ ሆነ። ከዚህም የከፋው ጉድለት ለሰዎቹ ተንሳፋፊ ሰደርያ አለመያዙ ነው።

በጁላይ 10 ቀን 1889 የብራውን ጀልባ ተገለበጠና ብራውን ራሱ ሰጠመ። ከአምስት ቀን በኋላ ሁለት ሠራተኞች በሌላ ጀልባ መገልበጥ ሞቱ። ስታንተን ከዚህ በኋላ ጉዞው በዚያው ሁኔታ ሊቀጥል እንደማይችል ተገንዝቦ፣ ዕቃውን በዋሻ ውስጥ ደብቆ ሰዎቹን በጎን ሸለቆ አወጣ።

የስታንተን ስም በመሐንዲሶች ዘንድ ሊታወስ የሚገባው በሚቀጥለው ሥራው ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር ወደ ወንዙ ሲመለስ፣ ጀልባዎቹ ከኦክ እንጨት የተሠሩ፣ የበለጠ ረጅምና ጠንካራ፣ የታሸጉ ክፍሎች ያሏቸው ነበሩ። ለእያንዳንዱም ሰው ከቡሽ የተሠራ ተንሳፋፊ ሰደርያ ተሰጠ። በኤፕሪል 1890 ጉዞው ወንዙ ወደ ባሕር እስከሚገባበት ድረስ ተፈጸመ፤ በዚህ በሁለተኛው ጉዞ በወንዙ የሞተ ሰው አልነበረም። የታሰበው የባቡር ሐዲድ ግን ከቶ አልተሠራም። ሦስት ሰዎች የሞቱበት የመጀመሪያው ጉዞና ሁሉም በሕይወት የተመለሱበት ሁለተኛው ጉዞ በአንድ ወንዝ ላይ፣ በአንድ መሐንዲስ ዓይን ፊት የተደረጉ ናቸው። ለልዩነቱ ጀልባውና የቡሹ ሰደርያ፣ ከክረምቱ የውኃ መቀነስ ጋር፣ ዋና ምክንያቶች ነበሩ።

ፊቱን ወደ አደጋው ያዞረ ቀዛፊ

ይህ ሁሉ ሲሆን ጥያቄውን ከሥሩ የፈታው ሰው መሐንዲስም የጦር መኰንንም አልነበረም። ናታንየል ጋሎዌይ በዩታ ግዛት ቨርናል በተባለች መንደር አካባቢ የሚኖር፣ በወጥመድ አውሬ እየያዘ ቆዳውን በመሸጥ የሚተዳደር አዳኝ ነበር። ሥራው በየዓመቱ ወደ ወንዙ ስለሚወስደውና ጀልባውንም ራሱ ስለሚሠራው፣ ስሕተቱን በራሱ ክንድ እየተማረ አረመ።

የጋሎዌይ ጀልባ ሆዱ ጠፍጣፋ፣ አከርካሪ የሌለው፣ ሁለቱም ጫፎቹ ከውኃው በላይ ቀና ያሉ ነበር። ውኃው ላይ በመሐሉ ብቻ ስለሚያርፍ፣ በአንድ መቅዘፊያ ምት ባለበት ይሽከረከራል። ከቅርጹ ይልቅ ታላቅ ለውጥ ያመጣው ግን የቀዛፊው አቀማመጥ ነው። ጋሎዌይ የጀልባውን የኋላ ጫፍ ወደ ወንዙ መውረጃ አዙሮ፣ ራሱ ፊቱን ወደሚወርድበት አቅጣጫ አድርጎ ተቀመጠ። እንዲህ ሲቀመጥ አለቱን ገና ከሩቅ ያያል። መቅዘፊያውን ወደ ራሱ ሲስብም ጀልባው ወደ ላይ፣ ከአደጋው ወደሚርቅበት አቅጣጫ ይጎተታል። ጀልባውን ጥቂት አጋድሞ ሲቀዝፍ ደግሞ ውኃው ራሱ ወደ ፈለገው ዳር ይወስደዋል።

የዘዴውን ጥቅም በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ውኃው በሴኮንድ 4 ሜትር ይሄዳል፣ ቀዛፊው ደግሞ በራሱ ክንድ በሴኮንድ 1 ሜትር ሊቀዝፍ ይችላል እንበል። በፓወል ዘዴ ወደ ፊት የሚቀዝፈው ጀልባ ወደ አለቱ በሴኮንድ 5 ሜትር ይቀርባል፤ በጋሎዌይ ዘዴ ወደ ኋላ የሚቀዝፈው ግን በሴኮንድ 3 ሜትር ብቻ ይቀርባል። አለቱ በ60 ሜትር ርቀት ላይ ቢታይ፣ የመጀመሪያው ቀዛፊ 12 ሴኮንድ ሲኖረው ሁለተኛው 20 ሴኮንድ ያገኛል። ጉልበታቸው እኩል፣ ውኃውም አንድ ሆኖ ሳለ፣ የተለየው የመቀመጫው አቅጣጫ ብቻ ነው።

ጋሎዌይ በ1896 ጀምሮ በ1897 መጀመሪያ በፈጸመው ጉዞ ግራንድ ካንየንን አቋርጦ ወጣ። ዘዴው ከዚያ በኋላ የሁሉም ሆነ። በ1923 የአሜሪካ የሥነ ምድር ቅየሳ መሥሪያ ቤት በክሎድ በርድዛይ መሪነት ለግድብ የሚሆኑ ስፍራዎችን ሊቀይስ ወደ ገደሉ ሲገባ፣ የመረጠው ጀልባ በጋሎዌይ ዓይነት የተሠራ ነበር። ፓወል ራሱ ከ1881 እስከ 1894 በዋና ኃላፊነት የመራው መሥሪያ ቤት፣ በመስኩ ሥራ የቀድሞ ኃላፊውን ሳይሆን የአዳኙን ጀልባ ተከተለ ማለት ነው።

እንጨትና ጎማ

በ1938 ኖርማን ኔቭልስ ሰፊና ዝቅ ያሉ ጀልባዎችን ከኮምፔንሳቶ ሠርቶ ሁለት ሴት የዕፅዋት ተመራማሪዎችን፣ ኤልዛዳ ክሎቨርንና ሎይስ ጆተርን፣ በግራንድ ካንየን አሳለፈ። በዚያ ገደል ጉዞውን ከዳር እስከ ዳር የፈጸሙ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች እነርሱ ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ጦር ሠራዊቱ የማያስፈልጉትን በአየር የሚነፉ የጎማ ጀልባዎችና የድልድይ ተንሳፋፊዎች በርካሽ ዋጋ ሸጠ። ጆርጂ ኋይት የተባለች ሴት በ1950ዎቹ ሦስት የጎማ ጀልባዎችን ጎን ለጎን አስራ ብዙ መንገደኞችን በአንድ ጊዜ ማውረድ ጀመረች።

አየርን በቆዳ ውስጥ አስሮ በወንዝ መሄድ ግን የቅርብ ጊዜ ፈጠራ አይደለም። በጤግሮስ ወንዝ ላይ ከጥንት ጀምሮ የተነፋ የፍየል ቁርበት ከእንጨት ርብራብ ሥር ታስሮ ጭነት ይወርድበት ነበር፤ ከሐገሩ ሲደርሱም እንጨቱ ተሽጦ ቁርበቱ አየሩ ወጥቶለት በአህያ ይመለሳል። ጎማው የቁርበቱን ቦታ ያዘ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

በእንጨትና በጎማ መካከል ያለው ምርጫ እስከ ዛሬ አንድ ቁርጥ ያለ ፍርድ አላገኘም፤ እያንዳንዱ የየራሱ ዋጋ ስላለው ነው። የጎማ ጀልባ ከአለት ጋር ሲጋጭ ይታጠፋል፣ ይንሸራተታል፣ ቢቀደድም ተጣብቆ በሰዓታት ውስጥ ወደ ውኃ ይመለሳል። የቀዛፊውንም ስሕተት በብዛት ይቅር ይላል። በአንጻሩ ለመቅዘፊያው ቀስ ብሎ ይታዘዛል፤ ጭነት ሲበዛበትና ነፋስ ፊት ለፊት ሲገጥመው ቀዛፊውን ክፉኛ ያደክማል። የእንጨት ጀልባ በማዕበሉ ላይ ቀና ብሎ ይወጣል፣ ለእጅም ቶሎ ይታዘዛል፤ ነገር ግን አንዲት ስሕተት ወለሉን ትሰብረዋለች።

ይህን እያወቀ እንጨቱን የመረጠ ሰው ማርቲን ሊተን ነበር። ሊተን በኦሪገን ግዛት በማከንዚ ወንዝ ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበትን ጎኑ ወደ ውጭ የተዘረጋ ጀልባ፣ ላዩ እንዲሸፈንና የታሸጉ ክፍሎች እንዲኖሩት አድርጎ ከ1962 ጀምሮ በኮሎራዶ ላይ አዋለው። እያንዳንዱንም ጀልባ በሰው ሥራ በጠፋ ወይም በተበላሸ የተፈጥሮ ስፍራ ስም ጠራው። በ1963 ከግራንድ ካንየን በላይ ያለው የግሌን ካንየን ግድብ ወንዙን ሲዘጋ፣ ሊተን በገደሉ ውስጥ ሊሠሩ ከታሰቡት ሌሎች ግድቦች ተቃዋሚዎች አንዱ ነበር። በ1983 ታላቅ የበረዶ መቅለጥ ግድቡን ሞልቶ ብዙ ውኃ በተለቀቀ ጊዜ፣ ከሊተን ጀልባዎች አንዷ የሆነችው ኤመራልድ ማይል በሦስት ቀዛፊዎች 446ቱን ኪሎ ሜትር በ36 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ወረደች። ጉዞዋ የእንጨት ጀልባ በብቁ ሰው እጅ ምን እንደሚሠራ አሳየ። ያም ቢሆን በመንገድ ላይ ተገልብጣ ስለ ነበር፣ የእንጨት ጀልባ ለሁሉ ቀዛፊ ይሁን ለማለት ማስረጃ አይሆንም።

የዓባይ ፈተና

ዓባይ በሚነሣበት በጣና ሐይቅ ላይ የጀልባ ሥራ ጥንታዊ ነው። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ሰውንና እህልን፣ የማገዶ እንጨትንም ከደሴት ወደ ዳር ሲያመላልስ ኖሯል። ደንገሉ በውኃ እየራሰ ስለሚከብድ ታንኳው ከሥራ በኋላ ወጥቶ ይደርቃል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ሠሪው ግን ማሰሪያውን ከዳር ያገኘዋል፣ ሲያረጅም በቀላሉ ይተካዋል። ለረጋ ውኃ የተሰጠ ትክክለኛ ፍርድ ነው። ሐይቁ አልቆ ገደሉ ከጀመረበት በታች ታንኳ እንደማይሄድ ከሠሪዎቹ የሚሰወር አልነበረም።

ከባሕር ማዶ የመጡት ግን ይህን የተማሩት በመከራ ነው። በ1903 ዊልያም ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለ ጸጋ ለዚሁ ጉዞ ተለይተው ከብረት የተሠሩ ጀልባዎች ይዞ በዓባይ ገደል ወደ ሱዳን ሊወርድ ተነሣ። ከተነሡ ብዙም ሳይርቁ ጀልባዎቹ በፈረሰኛው ውኃ ተሰባበሩና ጉዞው ተቋረጠ። ብረት ጠንካራ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሆኖም በአለት ላይ ሲወድቅ እንደ ጎማ አይታጠፍም፣ ሲበሳም በገደል ውስጥ የሚጠግነው ቀጥቃጭ አይገኝም። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የወንዙን ካርታ ለማንሣት ሲነሣ፣ ጀልባን ትቶ በእግርና በበቅሎ መሄድን መረጠ። አንዳንድ ጊዜ ከጀልባዎች ሁሉ የተሻለው ምርጫ ጀልባ አለመያዝ መሆኑን ሥራው ያስረዳል።

በ1968፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ የነበረው ጆን ብላሽፎርድ ስኔል ሳይንቲስቶችና ወታደሮች ያሉበትን ትልቅ ቡድን ወደ ገደሉ መራ። የዚህ ጉዞ ብልኅነት ለአንዱ ወንዝ አንድ ጀልባ አለመምረጡ ነው። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ካለው ድልድይ በታች ላለው ሰፊ ውኃ ሞተር ያላቸው ትላልቅ ጀልባዎች ዋሉ፤ ከጢስ ዓባይ በታች ላለው ጠባብና አስፈሪ ክፍል ግን በእጅ የሚቀዘፉ ትናንሽ የጎማ ጀልባዎች ተመደቡ። የጎማዎቹ ጀልባዎች ደጋግመው ተገለበጡ። አንድ የቡድኑ አባል ከገባሮቹ አንዱን በገመድ ሲሻገር ሰጥሞ ሞተ። ይህ ሞት በጀልባ ላይ የደረሰ ባይሆንም፣ በገደል ጉዞ ውስጥ ገባር ወንዝ ከዋናው ያነሰ ጠላት እንዳልሆነ ያስጠነቅቃል።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ በኮሎራዶ ላይ የመንገደኛ ጀልባ ሲቀዝፉ የሠለጠኑ ወጣት አሜሪካውያን በሪቻርድ ባንግስ መሪነት የጎማ ጀልባዎቻቸውን ይዘው በአዋሽና በኦሞ ወንዞች ወረዱ። በዚህ መንገድ የጋሎዌይ አቀማመጥ፣ ፊትን ወደ አደጋው አዙሮ ወደ ኋላ መቅዘፍ፣ ወደ ኢትዮጵያ ወንዞች ደረሰ። ለኢትዮጵያ ገደሎች የጎማ ጀልባ ብልጫው በውኃው ላይ ብቻ አይደለም። አየሩ ወጥቶ ይጠቀለላል፤ በመኪናና በበቅሎ ጀርባ ተጭኖ መንገድ ወደሌለበት ቁልቁለት ይወርዳል። የማክሚላን ብረት ይህን አያውቅም ነበር። በ2003 መጨረሻ ከግሽ ዓባይ ተነሥተው በኤፕሪል 2004 ሜዲትራኒያን ባሕር የደረሱት ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውንም የተማመኑት በጎማ ጀልባና በአንድ ሰው ታንኳ ነው።

ውኃው ሲለወጥ

የሁለቱን ወንዞች ታሪክ የሚያገናኝ ሌላም ክር አለ። የኮሎራዶን ታላላቅ ግድቦች ያሠራው የአሜሪካ የመሬት ልማት መሥሪያ ቤት፣ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተባብሮ ከ1958 እስከ 1964 የዓባይን ተፋሰስ አጥንቶ፣ በዋናው ወንዝ ላይ ለአራት ግድቦች የሚሆኑ ስፍራዎችን አመለከተ፤ ከአራቱ አንዱ በሱዳን ወሰን አጠገብ ያለው ነበር። በዚያው አካባቢ በ2011 ሥራው የተጀመረው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 ተመረቀ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው ሐይቅም የገደሉን ታችኛ ክፍል ሸፈነ።

ፓወል በመጨረሻ የወጣበት የኮሎራዶ ክፍል በሁቨር ግድብ ምክንያት ሐይቅ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የቀደሙት መንገደኞች የተጨነቁበት የዓባይ ታችኛ ክፍልም ዛሬ የረጋ ውኃ ነው። በረጋ ውኃ ላይ የጎማ ጀልባ ለነፋስ መጫወቻ ይሆናል፤ ጠፍጣፋው የጋሎዌይ ጀልባም ያለ ዓላማ ይሽከረከራል። በዚያ ላይ የሚያስፈልገው ረጅም፣ ጠባብ፣ አከርካሪ ያለው፣ አቅጣጫውን የሚጠብቅ ጀልባ ነው፤ ያም በገደል ውስጥ የፓወልን ሰዎች ያስጨነቃቸው የወደብ ጀልባ መሆኑ ነው። የማክሚላን ብረት እንኳ በዚህ ሐይቅ ላይ ሥራ ያገኝ ነበር።

ስለዚህ በታሪክ ውስጥ ለተሰበሩት ጀልባዎች ሁሉ ክፉ ጀልባ የሚል ስም መስጠት ፍትሕ አይሆንም። አብዛኞቹ በመልካም እጅ፣ ከመልካም እንጨትና ብረት፣ ለሌላ ውኃ የተሠሩ ነበሩ። ጥፋቱ የደረሰው ውኃውን ያላየ ሰው ለውኃው በወሰነበት ጊዜ ነው። ገደሉ እስካለ ድረስ ቀዛፊው ፊቱን ወደ አደጋው ያዙር፤ ገደሉ ሐይቅ በሆነ ጊዜ ደግሞ ጀልባውን እንደገና ይምረጥ። በሁለቱም ጊዜ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ አስቀድሞ የሚታዘዘው ተንሳፋፊው ሰደርያ መሆን አለበት፤ ይህን ያልያዙ ሦስት ሰዎች በ1889 በአምስት ቀን ውስጥ አልቀዋልና።